የአገራችንን ጭፈራ በዓለም ጉባዔ ፊት ለማቅረብ

ባለፈው ዓመት እኛ ጥቂት ተማሪዎች ተሰብስበን ስለ እስክስታ አንድ ጽሑፍ አዘጋጀንና ለአንድ ዓለም አቀፍ የጭፈራ ጥናት ጉባዔ ላክን። ጽሑፋችን «እስክስታ ጥንታዊና ውብ የሆነ የኢትዮጵያ ሕዝብ ሀብት ነው» ብሎ ይጀምርና በዚያው ያበቃል። መልሱ በሁለት መስመር መጣ፤ ጥያቄያችሁ ምን እንደ ሆነ አልገባንም የሚል ነበር። በመጀመሪያ ተቆጣን፤ አንዳንዶቻችንም ባህላችንን ናቁት አልን። ጽሑፉን ረጋ ብለን ስናነበው ግን እውነታቸውን ሆኖ አገኘነው። ማመስገን ሌላ፣ ማጥናት ሌላ ነውና። ሌሎች ጓደኞቻችን በዚሁ እንቅፋት እንዳይመቱ የተማርነውን ከዚህ በታች በየተራው እናቀርባለን።

በቅድሚያ ስለ መድረኩ ጥቂት እንበል። በዚህ ጥናት ስሙ የታወቀው ማኅበር እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1947 በለንደን የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የሕዝብ ሙዚቃ ምክር ቤት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) በ1981 ስሙን ወደ ባህላዊ ሙዚቃ ምክር ቤት ለወጠ፤ በ2023 ደግሞ ጭፈራን በስሙ ውስጥ አስገባ። ጭፈራ በዚህ ስም ውስጥ ከሙዚቃ ጎን ለመቆም 76 ዓመት ፈጀበት ማለት ነው። የአገራችን ጭፈራም ለዚህ መድረክ እንግዳ አይደለም። በ1965 ሁለት የሀንጋሪ ሊቃውንት፣ የጭፈራ ተመራማሪው ጂዮርጂ ማርቲንና የሙዚቃ ተመራማሪው ባሊንት ሻሮሺ፣ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው አጥንተዋል። ማርቲን ስለ ኢትዮጵያ የጭፈራ ዓይነቶች የጻፈውም በ1967 በምክር ቤቱ መጽሔት ታትሟል። እንግዳ ሰው መጥቶ ያየውን ሲጽፍ፣ በጭፈራው መካከል ያደግን እኛ ዝም ብንል ጥፋቱ የማን ነው?

አንደኛ፤ ጥያቄ ይኑረን። ጉባዔዎች በመጀመሪያ የሚጠይቁት ሙሉውን ጽሑፍ ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ከ250 እስከ 300 ቃላት የሚሆን አጭር መግለጫ ነው። በዚህች ጠባብ ቦታ አራት ነገር መግባት አለበት፤ ይኸውም ጥያቄው፣ ጥናቱ የትና ከማን ጋር እንደ ተደረገ፣ በምን መንገድ እንደ ተጠናና ምን እንደ ተገኘ ነው። «እስክስታ ውብ ነው» ቢባል የሚከራከር የለም፤ ስለዚህ ጥናት አይሆንም። ነገር ግን «ከበሮው ሲፈጥን ጨፋሪው የትከሻውን ምት ያበዛል ወይስ ምቱን እንደ ነበረ ይዞ እንቅስቃሴውን ያጠብባል?» ብንል መልሱ አስቀድሞ አይታወቅም፤ በዓይን አይቶና ቆጥሮ መመለስ ግን ይቻላል።

ሁለተኛ፤ ስለ ስያሜ እንጠንቀቅ። ፈረንጆች በአንድ ቃል የሚጠሩትን እኛ በብዙ ቃል እንጠራዋለን። ዛሬ ዘፈን ስንል ብዙ ጊዜ በአፍ የሚዜመው ይታሰበናል፤ በግዕዝ ግን ዘፈነ ማለት ጨፈረ ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያን ካህናቱ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው የሚያቀርቡትን ደግሞ ዝማሜና ወረብ እንለዋለን እንጂ ጭፈራ አንለውም፤ ብንለው የአቋቋም መምህሩ ያዝኑብናል። ስለዚህ የአገሩን ስም እንዳለ ጽፎ ትርጉሙን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ይሻላል።

ሦስተኛ፤ ማስረጃው የታመነ ይሁን። ቪዲዮ ስናነሣ መላው አካል ከነእግሩ ይታይ፤ የከበሮው ድምፅም ይሰማ። ትከሻ የሚጫወትበት ጭፈራ ከፊትም ከጎንም ቢነሣ መልካም ነው። ጭፈራን በጽሑፍ ለማስፈር ሩዶልፍ ላባን በ1928 ያሳተመው የምልክት ዘዴ አለ። የሚነበበው ከታች ወደ ላይ ሲሆን፣ የምልክቱ ርዝመት ጊዜውን ያሳያል። ሁሉን ባንማርም የምንመረምረውን አንድ እንቅስቃሴ በዚህ መጻፍ ብንችል አድማጩ በቀላሉ ይከተለናል።

ከሁሉ በላይ ግን የጨፋሪው ፈቃድ ነው። በጎጃም አንዲት እናት ሲጨፍሩ ለማንሣት ጠይቀናቸው ነበር። ፈቀዱልን፤ ወዲያው ግን «ልጆቼ፣ ከዚያ ሄዳችሁ ስለኔ ምን ልትሉ ነው?» አሉን። መልስ አልነበረንም። እንግዲህ ቪዲዮው የት እንደሚታይ አስቀድመን እንንገር፤ ስማቸው እንዲጠራ ይፈልጉ እንደ ሆነ እንጠይቅ፤ ያነሣነውንም ቅጂ እንስጣቸው።

አራተኛ፤ በጊዜው እንላክ። ማርች 1 ማለት የካቲት 22 ነው። ማርችን መጋቢት ብሎ የተረጎመ ሰው ዘጠኝ ቀን ዘግይቶ ይደርሳል። ሰዓቱም እንደዚሁ ነው፤ በግሪንዊች እኩለ ሌሊት ሲሆን እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ በቶኪዮ እኩለ ሌሊት ሲሆን ግን እኛ ዘንድ ገና ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ስለዚህ ሁለት ቀን ቀድሞ መላክ ይበጃል። በቅጹ ላይ ስማችንን በፓስፖርታችን እንደ ተጻፈው እንጻፍ፤ የግብዣው ደብዳቤና ፓስፖርቱ ካልተስማሙ ቪዛ ስንጠይቅ እንቸገራለንና።

አምስተኛ፤ በመድረክ ላይ። ለአንድ ሰው ብዙውን ጊዜ 20 ደቂቃ ለንግግር፣ 10 ደቂቃ ለጥያቄ ይሰጣል። ሰፋ ተደርጎ የተጻፈ አንድ ገጽ ሁለት ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ፣ ቪዲዮ የሚያሳይ ሰው ከሰባት ገጽ ባያልፍ ይሻለዋል። በጓደኞች ፊት ሰዓት ይዞ ደጋግሞ መለማመድ ያስፈልጋል። ቪዲዮው ኢንተርኔት ሳይጠበቅ እንዲከፈት በኮምፒዩተሩ ላይና በፍላሽ ይቀመጥ። ይህም ሁሉ ባይሠራ ትከሻችን አለ፤ ተነሥቶ ማሳየት ነውር አይደለም።

ዘንድሮ ጥያቄያችንን ይዘን ዳግመኛ ልከናል። መልሱ ገና አልመጣም። ቢቀበሉንም ባይቀበሉንም ወደ ጎጃም ተመልሰን ለእኒያ እናት ስለ እርሳቸው የጻፍነውን በአማርኛ እናነብላቸዋለን። እርሳቸው ሰምተው «ይህስ እውነት ነው» ካሉን ጽሑፋችን የመጀመሪያውን ፈተና አለፈ ማለት ነው። እናንተስ፣ በየአገራችሁ እያያችሁት ያደጋችሁት ጭፈራ ምን ጥያቄ ያስነሣባችኋል?