«ተኝቷል በሉ» የሚል ወንድም

ከጋምቤላ ከተማ፣ ከኒውላንድ ሰፈር ደብዳቤ የላከችው ጠያቂ፣ ወንድሟ ከማንጎ ዛፍ ወድቆ ከወገቡ በታች መንቀሳቀስ ካቆመ ወዲህ ከቤት እንደማይወጣ፣ እንግዳ ሲመጣም «ተኝቷል በሉ» እያለ እንደሚያስመልስ ገልጻለች። ዘመዶች «በሕይወት መትረፉን ያመስግን» ስለሚሉም፣ ሁኔታው ከጉዳቱ የማይለይ ጠባይ ነው ወይስ ሕክምና አለው ስትል ትጠይቃለች።

ሕክምና አለው። ሕብለ ሰረሰር፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶች ውስጥ አልፎ በአንጎልና በአካል መካከል መልእክት የሚያመላልሰው የነርቭ ገመድ፣ ሲጎዳ ማዘን ያለ ነገር ቢሆንም፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ፍላጎትንና ተስፋን የሚያጠፋው ድባቴ ግን ራሱን የቻለ ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ጉዳት ካለባቸው ሰዎች ከ20 እስከ 30 በመቶ በሚሆኑት ላይ ጉልህ የድባቴ ምልክት እንደሚታይ ስለሚገልጽ፣ አብዛኞቹ ከዚህ ሕመም ውጭ ይኖራሉ ማለት ነው፤ «በዚህ ሁኔታ ማን አያዝንም» የሚለው አነጋገር እንግዲህ ርኅራኄ ቢመስልም ሕክምናን ያዘገያል።

ከእንግዳ መሸሹ ግን ኀዘን ብቻ ላይሆን ይችላል። በዚህ ጉዳት ምክንያት ሽንት ሳያስበው የሚያመልጠው ሰው ጠረኑ እንዳይታወቅበት ሰው ይሸሻል፣ ውኃም ይቀንሳል፤ በጋምቤላ ሙቀት ውኃ መቀነስ ደግሞ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና ጠጠር ሊያመጣ ይችላል፣ ትኩሳቱና ድካሙም ድባቴውን ያባብሳል። ስለዚህ በካቴተር፣ ማለትም ሽንት በሚያስወጣ ቀጭን ቱቦ፣ በሰዓቱ ራሱ መጠቀም እንዲማር ሆስፒታሉን መጠየቅ ከብዙ የማጽናኛ ቃል ይበልጣል። እስከዚያው ልብሱን የምትቀይርለት እህቱ ከሆነች፣ ይህን ሥራ ወንድ ዘመድ ቢረከባት ክብሩ ይጠበቅለታል። በዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ድጋፍ ሲያገኝ የቆየው የጋምቤላ የአካል ተሐድሶ ማዕከልም ስለ ዊልቸርና ፊዚዮቴራፒ ሊጠየቅ ይገባል፤ በዚያ የሚገናኘው ተመሳሳይ ጉዳት ያለበት ሰው የሚነግረውን ጤነኛ ዘመድ ሊነግረው አይችልም።

ለድባቴው የንግግር ሕክምናም መድኃኒትም አለ፤ ጸሎቱም ከሕክምናው ጎን ሊቀጥል ይችላል። መድኃኒት የሚያዝለት ባለሙያ ስለ ሕብለ ሰረሰሩ አስቀድሞ ሊነገረው ያስፈልጋል፤ አሚትሪፕቲሊንን የመሰሉ መድኃኒቶች ሽንት የመያዝና ሆድ የማድረቅ ጠባይ ስላላቸው፣ ቀድሞውኑ በዚህ የተቸገረን ሰው ሊጎዱት ይችላሉ።

በመጨረሻም ራሱን ስለ ማጥፋት ያስብ እንደሆነ እህቱ በግልጽ ብትጠይቀው ሐሳቡን አታስገባበትም፤ መልሱ «አዎ» ከሆነ ግን መድኃኒትና ስለት ከአጠገቡ ተነሥቶ፣ ብቻውን ሳይተው በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት።