ከውስጥ እግር እስከ ደም፦ የሜላኖማ ሕዋስ ፍለጋ

የጋይንቷ ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። ድጓን በሌላ ደብር የተማረ ደቀ መዝሙር ሳይቀር ሊያስመሰክር ወደዚያ ይወጣል፤ አገሩ ተራራና ገደል ነውና ለብዙ ዘመን ተማሪውን እዚያ ያደረሰው እግሩ ነው። ስለ ሜላኖማ ለመጻፍ ከእግር መነሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ሜላኖማ ለቆዳችን ቀለም የሚሰጡት ሕዋሳት ወደ ካንሰርነት ሲለወጡ የሚመጣ በሽታ ነው። ነጮችን ብዙውን ጊዜ ፀሐይ በሚያገኘው ቆዳቸው ላይ ይይዛቸዋል። በጥቁር ሕዝብ ግን በአብዛኛው የሚነሣው ከውስጥ እግር፣ ከተረከዝ ወይም ከጥፍር ሥር ነው። በባዶ እግሩ ወይም በበረባሶ የሚሄድ ገበሬ እዚያ ጥቁር ነጥብ ቢያይ፣ የእሾህ ስባሪ ወይም ሙጀሌ ነው ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም።

ቦብ ማርሊን የገደለው ይኸው የእግር ሜላኖማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በቀኝ እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ተገኘበት። በ1980 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ብርሃነ ሥላሴ ተብሎ ተጠመቀ፤ በ1981 በ36 ዓመቱ ሲያርፍ በሽታው ሳንባውና አንጎሉ ላይ ደርሶ ነበር። በእግር ጣት የተነሣ ነገር አንጎል የሚደርሰው በምን መንገድ ነው?

መንገዱ በአብዛኛው ሁለት ነው። አንዱ ወደ ብሽሽት ንፍፊቶች የሚወስደው የሊምፍ ሥር ሲሆን ሌላው ራሱ ደም ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 ቶማስ አሽዎርዝ የተባለ የአውስትራሊያ ሐኪም በካንሰር የሞተን ሰው ደም በማይክሮስኮፕ ሲመረምር የዕጢውን የሚመስሉ ሕዋሳት አየ። ካንሰሩ በደም በኩል ይዛመታል የሚለው አሳቡ ትክክል ነበር። እነዚህን ሕዋሳት በሕይወት ካለ ሰው ደም ለቅሞ ማውጣት ግን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ።

አስቸጋሪነቱ ከቁጥሩ ይታያል። አንድ ሚሊ ሊትር ደም 5 ቢሊዮን ያህል ቀይ ሕዋሳትና በርካታ ሚሊዮን ነጭ ሕዋሳት አሉት። የሚፈለገው የሜላኖማ ሕዋስ በዚያ ሁሉ መካከል አንድ ቢገኝ ነው፤ ጨርሶ ላይገኝም ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1991 የብሪታንያ ተመራማሪዎች አንድ ብልኅ ዘዴ አሳተሙ። የቆዳን ቀለም የሚሠራ ታይሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ የደም ሕዋስ ቀለም ስለማይሠራ ይህን ኢንዛይም አይፈልገውም። ስለዚህ ታይሮሲኔዝ እንዲሠራ የሚያዝዘው የአር ኤን ኤ መልእክት ደም ውስጥ ከተገኘ፣ ቀለም ሠሪ ሕዋስ ወደ ደም ገብቷል ማለት ነው። ፒ ሲ አር የሚባለው የላቦራቶሪ ዘዴ ያንን ጥቂት መልእክት እያባዛ እንዲታይ ያደርገዋል። ሐሳቡን እስካሁን አደንቀዋለሁ፤ ውጤቱ ግን ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ተለያየ። አር ኤን ኤ ቶሎ ይፈርሳል። አንዳንድ ሜላኖማ ቀለም መሥራቱን ይተዋል። መርፌው ቆዳን ሲበሳም ጤነኛ ቀለም ሠሪ ሕዋስ ይዞ ሊገባ ይችላል፤ ጥንቁቅ ተመራማሪዎች መጀመሪያ የተቀዳውን ደም ለምርመራው የማይጠቀሙበት ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ዘዴ ሕዋሱን ራሱን ይይዛል። ሴልሰርች የተባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የተፈቀደው ለጡት ካንሰር ነበር። የሚይዘው ኢፒካም በተባለ የሕዋስ ላይ ፕሮቲን ነው፤ ሜላኖማ ደግሞ ይህ ፕሮቲን የለውም። ስለዚህ ለሜላኖማ ሲዲ146 የሚባለው ተመረጠ። ይህን ፕሮቲን የሚያውቅ ፀረ እንግዳ አካል ከጥቃቅን የብረት ቅንጣቶች ጋር ይያያዛል፤ ደሙ ውስጥ ሲገባ ሕዋሱ ላይ ይጣበቃል፤ ማግኔት ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ ይስባል። ሲዲ146 በደም ሥር ግድግዳ ሕዋሳት ላይም ስላለ፣ እነዚያንና ነጭ ሕዋሳትን በሌላ ምልክት ለይቶ ማስወጣት ያስፈልጋል።

የተያዘ ሕዋስ ምን ይነግረናል? እ.ኤ.አ. በ1970 አይዛያ ፊድለር የሜላኖማ ሕዋሳትን በአይጦች ደም ሥር ቢወጋ፣ ከሺህ አንዱ እንኳ አዲስ ዕጢ አላበቀለም። ዓለት ላይ እንደወደቀ ጤፍ አብዛኛው ይደርቃል። ስለዚህ ደም ውስጥ ሕዋስ መገኘቱ በሽታው በእርግጥ ተዛምቷል ማለት አይደለም፤ የመዛመት ዕድሉ ጨምሯል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ የሂዩስተን ጥናት፣ በሽታው ንፍፊታቸው ከደረሰ 243 ሕሙማን መካከል ከመቶ 37ቱ በ7.5 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ቢያንስ አንድ ሕዋስ ተገኘባቸው። እነዚህ ሰዎች በሽታው በአጭር ጊዜ ተመልሶ የመጣባቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ነበር። በተቃራኒው ምንም አለመገኘቱ ነጻ ነህ አያሰኝም፤ ከ5 ሊትር ደም የተቀዳው ጥቂት ነውና። ስለዚህም ምርመራው ዛሬም በየሆስፒታሉ የሚታዘዝ ሳይሆን የጥናት መሣሪያ ነው።

የታማሚን ዕድል አሁንም በዋናነት የሚናገረው የፓቶሎጂስት ማይክሮስኮፕ ነው። አሌክሳንደር ብሬስሎ እ.ኤ.አ. በ1970 እንዳሳየው፣ ከቆዳው የላይኛው ንብርብር እስከ መጨረሻው የጠለቀ የካንሰር ሕዋስ ያለው ውፍረት በሚሊ ሜትር ይለካል። ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ሜላኖማ አብዛኛውን ጊዜ ተቆርጦ በመውጣቱ ብቻ ይድናል፤ ከ4 ሚሊ ሜትር ካለፈ አደጋው ከባድ ነው። ላዩ ቆስሎ ከሆነ ይብሳል። ይህን ልኬት ለማግኘት ቁስሉ ተቆርጦ ከወጣ በኋላ ሥጋው ወደ ፓቶሎጂ መላክ አለበት። ቆርጦ መጣል፣ ወይም በእሳት መተኮስ፣ የታማሚውን ዕድል የሚናገረውን ማስረጃ አብሮ ያጠፋዋል።

የደም ምርመራው ግን ለጋይንት ሩቅ ነው ብዬ አልደመድምም። አሁን በብዙ አገር የሚጠናው ሌላው አማራጭ የዕጢውን የዲ ኤን ኤ ለውጥ በደም መፈለግ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚታደነው ቢራፍ በተባለው ዘረመል ላይ የሚደርሰው ለውጥ ነው። በእግር ሜላኖማ ላይ ግን የቢራፍ ለውጥ ከሌሎቹ ያነሰ ነው የሚገኘው፤ ስለዚህ ፀሐይ በሚያገኘው ቆዳ ሜላኖማ ላይ የተፈተነው ምርመራ ለእኛ ሰው ሳይለይለት ሊያልፍ ይችላል። ሕዋሱን በላዩ ፕሮቲን የሚይዘው ዘዴ በዚህ ለውጥ ላይ አይመሠረትም። ደሙም ልዩ ማቆያ ባለው ብልቃጥ ከተቀዳ ያለ በረዶ እስከ 96 ሰዓት ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከቤተ ልሔም የተነሣ ናሙና በደብረ ታቦርና በባሕር ዳር አልፎ አዲስ አበባ ይደርሳል።