«ሪጂድ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ፊዚክስን በእንግሊዝኛ ስንማር ከሚያደናግሩን ቃላት አንዱ «ሪጂድ» ነው። ብዙዎቻችን «ጠንካራ» ብለን እንፈታዋለን፤ ይህ ፍቺ ግን ስሕተት ላይ ይጥለናል። ቃሉ መገተርን ከሚያመለክት የላቲን ግሥ የመጣ ሲሆን የቅርብ አቻው «ግትር» ነው፤ ይኸውም ኃይል ሲያርፍበት ቅርጹን የማይለውጥ ማለት ነው።

ልዩነቱን በደቡብ ጎንደር ገበሬ ቤት ውስጥ እናገኘዋለን። የሸክላ ምጣድ ግትር ነው፤ አይታጠፍም። ከእጅ ቢያመልጥ ግን ይሰበራልና ጠንካራ አይባልም። ሞፈርን ከቀንበር የሚያስረው ምራን በአንጻሩ እንደ ልብ ይታጠፋል፤ ሆኖም የጥማድ በሬዎችን ጉልበት ሳይበጠስ ይችላል። እንግዲህ ግትርነት ቅርጽን ያለመለወጥ፣ ጥንካሬ ደግሞ ሳይሰበሩ ኃይልን የመቋቋም ባሕርይ ነው።

ሁለቱ የሚለኩትም ለየብቻ ነው። የአረብ ብረት የግትርነት መለኪያ 200 ጊጋፓስካል፣ የነሐስ ደግሞ 100 ጊጋፓስካል ገደማ ነው። ስለዚህ እኩል መጠን ያላቸውን ዘንጎች በእኩል ኃይል ብንስብ ነሐሱ እጥፍ ያህል ይለጠጣል። ተራውና እጅግ የጠነከረው አረብ ብረት ግን በጥንካሬ በብዙ እጥፍ ቢለያዩም በግትርነት ተቀራራቢ ናቸው።

«ሪጂድ ቦዲ» ወይም ግትር አካል ሲባልስ? በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተሠራውን፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖልን እናስብ። መድፉ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ በሰው ጉልበት ተጎትቷል። የዚያን ጉዞ ኃይል ስናሰላ መድፉን ግትር አካል እንለዋለን፤ በማናቸውም ሁለት ነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት አይለወጥም ብለን እንነሣለን። በእርግጥ ብረቱ በራሱ ክብደት በጥቂቱ ይረግባል፤ ይህ ግን ለስሌቱ ከቁጥር አይገባም። ጥያቄው «ባሩዱ ሲፈነዳ አፈሙዙ ይችለዋል ወይ?» ከሆነ ግን ግትር ነው ብሎ መነሣት አይቻልም፤ መልሱ ያለው በመለጠጡ ውስጥ ነውና። ፍጹም ግትር አካል በተፈጥሮ የለም፤ ለስሌት የምንቀበለው ግምት ነው።

ከሳይንስ ውጭ ቃሉ ወቀሳ አለበት። ደንብ አክባሪ መምህር «ስትሪክት» ማለትም ጥብቅ ነው፤ ምክንያት ቀርቦለትም ፍንክች የማይለው ግን «ሪጂድ» ነው። በፊዚክስ ገጽ ላይ ወቀሳው ይቀርና አንድ ጥያቄ ይተካል፦ ለያዝነው ስሌት የቅርጹ ለውጥ ቸል ሊባል ይችላልን?