ስለ እግር ወለምታ፤ ጅማት የሚጎዳበት ምክንያትና አያያዙ

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚለው የአባቶች ተረት የተነገረው ስለ አንደበት ጥንቃቄ ነው። ነገር ግን በተዘዋዋሪ ሌላም ነገር ያስረዳናል፤ ይኸውም የእግር ወለምታ በቅቤ ታሽቶ ይድናል ብሎ ሕዝባችን ከጥንት ጀምሮ ማመኑን ነው። ይህ እምነት ትክክል መሆኑንና አለመሆኑን ለመፍረድ አስቀድሞ የአካላችንን አሠራር መረዳት ያስፈልጋል።

አጥንትን የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ ነው። ጡንቻም ተኰማትሮ መሳብ እንጂ መግፋት አይችልም። ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ነጭና ጠንካራ ገመድ ጅማት ይባላል። በመገጣጠሚያ ላይ አጥንትን ከአጥንት ጋር አጥብቆ የሚይዘውም በቋንቋችን ያው ጅማት ነው። ለመለየት እንዲመች የፊተኛውን ሳቢ ጅማት፣ የኋለኛውን አሳሪ ጅማት እንላቸዋለን። ሁለቱም በአብዛኛው ኮላጅን ከሚባል ክር መሰል ነገር የተሠሩ ናቸው።

ጅማት ከርዝመቱ ከመቶ 4 እጅ ያህል ቢለጠጥ፣ ሲለቁት ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከዚያ ሲያልፍ ክሮቹ ጥቂት በጥቂት መበጠስ ይጀምራሉ፤ ከመቶ 8 እጅ ገደማ ካለፈ ደግሞ ጅማቱ ራሱ ሊበጠስ ይችላል። ከባት ወደ ተረከዝ የሚወርደው ሳቢ ጅማት ከሁሉ ይልቅ ወፍራምና ብርቱ ነው፤ ሰው ሲሮጥም ከክብደቱ ከ6 እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ሊሸከም ይችላል። ይሁን እንጂ ብርቱውም ቢሆን ልክ አለው።

ቁርጭምጭሚት ወለም የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ጉድጓድ ሲረግጡ፣ ከደረጃ ሲወርዱ ወይም ኳስ ሲጫወቱ እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ነው። ያን ጊዜ የሰውነት ክብደት በውጭ በኩል ባሉት አሳሪ ጅማቶች ላይ ይወድቃል። ነገሩ በቅጽበት ስለሚፈጸም ጡንቻዎች እግርን ለመመለስ ጊዜ አያገኙም። ጉዳቱም ሦስት ደረጃ አለው፤ በአንደኛው ጅማቱ ከልክ በላይ ይለጠጣል፣ በሁለተኛው ከፊሉ ይበጠሳል፣ በሦስተኛው ፈጽሞ ይበጠሳል። ጡንቻ ብዙ ደም ስለሚያገኝ ቶሎ ይድናል፤ ጅማት ግን የሚደርሰው ደም ጥቂት ስለ ሆነ ጥገናው ወራት ይፈጃል።

እንግዲህ ወደ ቅቤው እንመለስ። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀኖች የተጎዱት ጥቃቅን የደም ሥሮች ገና ስላልጠገኑ፣ አጥብቆ ማሸት ጉዳቱን ማስፋት ነው። የሚጎዳው ቅቤው ሳይሆን የሚጫነውና የሚጠመዝዘው እጅ ነው። ስለዚህ የሚከተለውን ማድረግ ይገባል።

1ኛ፤ ጨዋታውን ወይም ሥራውን ወዲያው ማቆም።
2ኛ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ፣ ባይገኝም በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማኖር።
3ኛ፤ በሚለጠጥ ፋሻ፣ ደም እንዳይታገድ ሳያጠብቁ መጠቅለል።
4ኛ፤ እግሩን በትራስ ላይ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ።

አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን ይህንኑ ሥርዓት በ1978 እ.ኤ.አ. አስተምሮ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን ብዙ ቅዝቃዜና ረዥም ዕረፍት መዳንን ሊያዘገይ እንደሚችል ራሱ ጻፈ። ስለዚህ ቅዝቃዜው ለሕመም ማስታገሻ ብቻ ይሁን፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ሕመሙ የፈቀደውን ያህል እግሩን ማንቀሳቀስ ይጠቅማል። ወለምታው እንዳይደጋገምም፣ ሕመሙ ሲቀንስ በየቀኑ በአንድ እግር ቆሞ ሚዛን መጠበቅን መለማመድ መልካም ነው።

በካናዳ ሐኪሞች በ1992 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመርመሪያ መሠረት፣ ተጎጂው አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ ወይም የቁርጭምጭሚቱ የአጥንት ጉብታዎች በኋላ ጠርዛቸው ሲነኩ የሚያሙት ከሆነ፣ ስብራት እንዳይኖር በራጅ መታየት አለበት። በልጆች ዘንድ ደግሞ የአጥንቱ ማደጊያ ክፍል ከጅማቱ ይልቅ ደካማ ስለ ሆነ፣ ወለምታ የመሰለው ስብራት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ግን በእንጨት ወይም በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ነው። ወጌሻዎቻችን በሙያቸው የተከበሩ ናቸው፤ ሆኖም ከእብጠቱ ጋር እየጠበቀ የሚሄድ እስር ደም ያግዳል፤ ደም ያጣ ሥጋም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። በዚህ ምክንያት በሀገራችን እግራቸው ወይም እጃቸው የተቈረጠ ሕፃናት አሉ። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከነጡ ወይም ከጠቈሩ፣ ከደነዘዙ፣ ሕመሙም እየበረታ ከሄደ እስሩን ያለ መዘግየት ፈትቶ ልጁን ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ግዴታ ነው።

መምህራን ሆይ፤ በጨዋታ ሜዳ የወደቀውን ተማሪ አስቀድማችሁ የምታገኙት እናንተ ናችሁ። ይህን ትምህርት ለተማሪዎቻችሁ አስተምሩ፤ ለወላጆችም አስረዱ። የታሰረውን እግር ጣቶች ደጋግሞ መመልከት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ነገር ግን የአንድን ልጅ እግር ሊያድን ይችላል።