በደጀን ወረዳ እህል በክረምት ከርጥበት ስለሚጠበቅበት ሁኔታ

ደጀን ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ፤ በዓባይ በረሃ አፋፍ የተቀመጠ አገር ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናምና ጉም ስለሚበዛበት፤ በበጋ ተወቅቶ የገባው ጤፍ፤ ስንዴና ሽንብራ በጎተራው ውስጥ ሳለ ርጥበት ያገኘዋል። ገበሬው በዘር ጊዜ ጎተራውን ከፍቶ ስንዴው ሻግቶ ቢያገኘው፤ ከጎረቤት ካልተበደረ በቀር የሚዘራው የለውም። ስለዚህ ነገሩ ለባለ ጎተራው ብቻ የሚተው አይደለም፤ የወረዳውም ሹም ሊያስብበት ይገባል።

እህል ሕይወት ያለው ነገር ስለ ሆነ ይተነፍሳል፤ ሲተነፍስም ሙቀትና ውሃ ያወጣል። ሳይደርቅ የገባ እንደ ሆነ ደግሞ አብዝቶ ይተነፍሳል። የሞቀውም አየር ወደ ላይ ወጥቶ ሌሊት የቀዘቀዘውን ክዳን ሲነካ፤ በምጣድ አክንባሎ ላይ እንደሚታየው ጠብታ ሆኖ ወደ እህሉ ይመለሳል። ብዙ ሰው ጣራው ያፈሰሰ እየመሰለው ሣሩን ይለውጣል፤ ጥፋቱ ግን ካልደረቀው እህል ከራሱ ነው።

እንግዲህ ዋናው ሥራ ከክረምት በፊት የሚሠራ ነው። ስንዴ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠው ውሃው ከመቶ 13 እጅ ያልበለጠ ሲሆን ነው። ይህንንም ያለ መሣሪያ ለመገመት፤ በደረቅ ጠርሙስ እስከ ሲሶው እህል ጨምሮ፤ ጥቂት ደረቅ ጨው አክሎ፤ መወዝወዝና ሩብ ሰዓት ያህል መጠበቅ ነው። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ከመቶ 15 እጅ በላይ ውሃ አለበትና ወደ ፀሐይ ይመለስ። ጨው ባይጣበቅም ገና 13 ደረሰ ማለት አይደለም፤ አንድ ሁለት ቀን መጨመር ይሻላል። ሲሰጣም በመሬት ላይ ሳይሆን በሰሌን ወይም በሸራ ላይ ይሁን፤ ከፀሐይ ተነሥቶም በጥላ ሳይቀዘቅዝ አይክተቱት።

ጤፍን ነቀዝ ስለማይደፍረው ሰዎች ይዘነጉታል። ነገር ግን ሻጋታ ከነቀዝ የተለየ ነው፤ እርጥብ ጤፍንም አይምርም።

ጎተራው በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ ከመሬት ከፍ ይበል፤ ግድግዳው በጭቃና በእበት ይለሰን፤ የክዳኑ ጫፍ ከግድግዳው ርቆ ይውረድ፤ ከላይ በኩልም የጎርፍ ቦይ ይቈፈር። በኅብረት ሥራ መጋዘን ጆንያ በሲሚንቶ ወለል ላይ ከተቀመጠ ከሥሩ ርጥበት ይስባል፤ ስለዚህ ከሥሩ እንጨት ይነጠፍለት፤ ከግድግዳም ይራቅ።

በዚህ ዘመን አየር የማያስገባ፤ ከውስጥ የላስቲክ ከረጢት ያለበት ጆንያ ይሸጣል። ነቀዙ አየር አጥቶ ስለሚሞት እጅግ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን የውጭውን ርጥበት እንደሚከለክል፤ የውስጡንም አያስወጣም፤ እርጥብ እህል የከተተበት ሰው ሻጋታን በገንዘቡ ገዛ ማለት ነው። አንዳንዱ ሻጋታ፤ ይልቁንም በበቆሎ ላይ የሚወጣው፤ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጐዳ መርዝ ያፈራል፤ ይህንም መርዝ ማጠብና መቁላት ፈጽሞ አያጠፋውም።

ሹማምንቱ በግንቦት ወር፤ ዝናሙ ሳይጠና፤ ጎተራዎችን ቢያስጐበኙ ለማድረቅ ጊዜ ይገኛል። በክረምት መክፈት ግድ የሆነ እንደ ሆነ፤ ሰማዩ በጠራ ቀን በእኩለ ቀን ተከፍቶ የብዙ ሳምንት ቀለብ ባንድ ጊዜ ይውጣ፤ ወዲያውም ይዘጋ።