ቃሉ ይቅለል፤ ታሪኩ ግን አይጉደል



ከመካከላችን ለታናናሾቹ ተረት የሚያነብ ወይም ንባብ የሚያለማምድ ብዙ ነው። ስለዚህ የቆዩ የልጆች ታሪኮች ለጀማሪ አንባቢ እንደገና ሲጻፉ ምን ሊቀልል፣ ምንስ ሊቀር እንደማይገባ መመርመር ይጠቅመናል።

አንደኛ፣ ሥራው አዲስ አይደለም። ዳንኤል ዴፎ «ሮቢንሰን ክሩሶ» የተባለውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1719 አሳተመ። ዐረፍተ ነገሮቹ ረጃጅም ስለ ሆኑ ለሕፃን ይከብዳሉ። በ1860ዎቹ ዓመታት ግን ሉሲ ኤይኪን የተባለችው እንግሊዛዊት ደራሲ ሜሪ ጎዶልፊን በሚል የብዕር ስም ያዘጋጀችው እትም ወጣ። ይህም ታሪኩን ክፍለ ቃላቸው አንድ ብቻ በሆነ አጫጭር ቃላት የሚተርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ ሌዲበርድ የተባለው የእንግሊዝ አሳታሚ ቬራ ሳውዝጌት እንደገና የጻፈቻቸውን የጥንት ተረቶች በትንንሽ ባለ ሥዕል መጻሕፍት ማውጣት ጀመረ።

ሁለተኛ፣ የእንግሊዝኛው ዘዴ እንዳለ ለአማርኛ አይሆንም። እንግሊዝኛ «አልመጣችም» ለማለት አራት አጫጭር ቃላት ይደረድራል። እኛ ግን ሁሉን በአንድ ቃል፣ በስድስት ፊደል እንጽፈዋለን። እንግዲህ ክፍለ ቃል መቁጠር አያዋጣንም። የሚያዋጣን ዐረፍተ ነገሩን ማሳጠር፣ የታወቀ ቃል መምረጥና ደጋግሞ መጠቀም ነው። ለምሳሌ፦

«ተኩላው አያትየዋን መስሎ ተሸፋፍኖ ስለ ተኛ ልጅቱ አላወቀችውም።»

ይህን እንዲህ ልናቀልለው እንችላለን፦

«ተኩላው ተኛ። ፊቱን ሸፈነ። ልጅቱ መጣች። አላወቀችውም።»

ቃሉ ቀለለ፤ ፍርሃቱ ግን እንዳለ ነው።

ሦስተኛ፣ የታሪኩን ፍሬ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከላይ የጠቀስነው የቀይ ቆብ ለባሿ ልጅ ተረት ነው። ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ እ.ኤ.አ. በ1697 ሲጽፈው ተኩላው ልጅቱን ይበላታል፤ ታሪኩም በዚያው ያልቃል። ጀርመናውያኑ ወንድማማቾች ግሪም በ1812 ሲያሳትሙት ግን አዳኝ መጥቶ ልጅቱንና አያቷን ከተኩላው ሆድ ያወጣቸዋል። ከዚያ በኋላ ከወጡት እትሞች አንዳንዶቹ አያቲቱን ቁም ሣጥን ውስጥ ይደብቋታል፤ ማንም አይበላም። መጨረሻውን መለወጥ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ግሪሞችም የተለየ መጨረሻ ሰጥተውታል። ነገር ግን አደጋው ጨርሶ ከጠፋ ልጅቱ ከመንገድ መዘግየት የለባትም የሚለው ምክር ምን ክብደት ይኖረዋል?

ወዳጆቼ፣ ለእኛ ቀላል የሆነች አንዲት ገጽ ለጀማሪ ዳገት ናት። ፊደል እየቆጠረ፣ በጣቱ እየተከተለ ይወጣታል። ከላይ ደርሶ ምንም ካላገኘ ሁለተኛ ለመውጣት አይነሣም። የሚያስደነግጥ፣ የሚያስቅ ወይም የሚያሳስብ ነገር ካገኘ ግን ማንም ሳያዘው የሚቀጥለውን ገጽ ይገልጣል። ስለዚህ ለሕፃን ስንጽፍ ቃላችንን እናቅልል እንጂ ልጁን አናቅልለው።

ለመወያያ፦
1. በልጅነታችሁ ከሰማችሁት ተረት አንዱን በዐሥር አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ። ምን ቀረ?
2. የጻፋችሁትን ለአንድ ጀማሪ አስነብቡ። የቆመው የት ላይ ነው? ቃሉ ከብዶት ነው ወይስ ታሪኩ ሰልችቶት?