የተቆረጠው ሲመለስ፦ ያልተጠናቀቁ ቪዲዮ ጌሞችን ዳግም የማሳተም ጥያቄ ከከሚሴ ሲታይ

አንድ ቪዲዮ ጌም ለገበያ ከቀረበ በኋላ፣ ሊገባበት ታቅዶ ሳይገባ የቀረ ክፍል እንዳለ ሲታወቅ ክርክር ይነሣል። አንዱ ወገን አሳታሚው የተቆረጠውን መልሶ ሥራውን በሙሉ መልኩ ሊያወጣው ይገባል ይላል። ሌላው ወገን አንድ ሥራ የወጣበት መልክ እርሱ መልኩ ነው፣ ኋላ የሚጨመረው ሁሉ ሌላ ሥራ ነው ይላል። ክርክሩ በአብዛኛው የሚካሄደው ፈጣን ኢንተርኔት ባለባቸው አገሮች በመሆኑ፣ ተጫዋቹ የፈለገውን እትም በፈለገ ጊዜ ማውረድ ይችላል የሚለው ግምት ሳይመረመር ይታለፋል። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን የሚያየው ያ ግምት በቀላሉ ከማይሠራበት ስፍራ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ከሆነችው ከከሚሴ ነው። የውጭ ጌሞች የወጡበት ዘመን በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ተጽፏል።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። እንዲህ ባሉ የክልል ከተሞች ጌም ወደ ተጫዋቹ የሚደርሰው በአብዛኛው ከእጅ ወደ እጅ ነው። ጌም ቤቶች ፕሌይስቴሽናቸውን የሚሞሉት ከትልልቅ ከተሞች በመጣ ዲስክና ሀርድ ዲስክ ነው፤ ወጣቱም በስልኩ የሚጫወተውን ከጓደኛው በሼርኢት ወይም በዜንደር ይቀበላል። አንዱ ያወረደውን ብዙዎች ይጋሩታል። የዚህ አሠራር ውጤት ብዙም አልታሰበበትም፤ መጀመሪያ የደረሰው እትም ለረጅም ጊዜ ብቸኛው እትም ሆኖ ይኖራል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በብዙ አካባቢዎች የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ከማከፋፈያው የሚላክ ማስተካከያ ፋይል ከነጭራሹ የማይታሰብ ነገር ሆኖ ነበር። ስለዚህ በሌላ አገር «ያልተጠናቀቀ» የሚባለው የጥቂት ሳምንታት ሁኔታ፣ እዚህ የሥራው ቋሚ መልክ ሊሆን ይችላል።

በ2015 የወጣው «ቶኒ ሆክስ ፕሮ ስኬተር 5» ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በሱቅ የተሸጠው ዲስክ 4.6 ጊጋባይት የያዘ ሲሆን በመጀመሪያው ቀን እንዲወርድ የተዘጋጀው ፋይል ግን 7.7 ጊጋባይት ነበር። ዲስኩ ያለ ኢንተርኔት የሚያስጫውተው የመለማመጃውን ክፍልና ተጫዋቹ ራሱ ሜዳ የሚሠራበትን ክፍል ብቻ ነው። የቀረው ጌም በወረደው ፋይል ውስጥ ነው ያለው። ይህን ዲስክ በሕጋዊ መንገድ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ የገዛ፣ ነገር ግን የማውረጃ መስመር የሌለው ሰው፣ የገዛው የጌሙን ሽፋን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እዚህ ላይ «የተቆረጠ» የሚለው ቃል የተለያዩ ነገሮችን እንደሚሸፍን መለየት ይገባል። ተሠርቶ ያለቀ ሆኖ በንግድ ምክንያት የቀረ አለ። የኒንቴንዶው «ስታር ፎክስ 2» በ1990ዎቹ አጋማሽ ሥራው ከሞላ ጎደል አልቆ ሳለ ተሰርዞ ቆይቶ፣ አሳታሚው ራሱ በ2017 አውጥቶታል። እንዲህ ባለው ጉዳይ ክርክር የሚያስፈልግ አይመስልም። በግማሽ ተሠርቶ ጊዜ ያጠረውም አለ፤ ሠሪው አስቦበት፣ ለሥራው አይበጅም ብሎ ያወጣውም አለ። አስቸጋሪው በግማሽ የቀረው ነው፤ ምክንያቱም እርሱን ለመመለስ የግድ አዲስ ነገር መጨመር ይጠይቃል።

የዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ዋና ምሳሌ «ስታር ዋርስ፦ ናይትስ ኦፍ ዘ ኦልድ ሪፐብሊክ 2» ነው። ኦብሲዲያን ኢንተርቴይንመንት ሠርቶት፣ ሉካስአርትስ አሳትሞት፣ በዲሴምበር 2004 ለኤክስቦክስ፣ በ2005 መጀመሪያ ደግሞ ለኮምፒውተር ወጣ። ለሥራው የተሰጠው ጊዜ አንድ ዓመት ተኩል እንኳ አልሞላም፤ ጌሙ ለገና ገበያ መድረስ ነበረበት። ውጤቱም ጥልቅ ጽሑፍ፣ የተጣደፈ ፍጻሜ ሆነ። ተጫዋቹን በየሄደበት የሚያሳድዱት ሮቦቶች ከየት እንደሚመጡ ታሪኩ ጠይቆ ሳይመልስ ያልቃል፤ የተሠሩበት ፋብሪካ ከጌሙ ተቆርጧልና። ይሁን እንጂ ከተቆረጠው ብዙው፣ የተቀዱ ድምፆችን ጨምሮ፣ በዲስኩ ላይ ባሉት ፋይሎች ውስጥ ተቀብሮ ቀረ። ተጫዋቾች ፋይሎቹን ሲከፍቱ ያልሰሙትን ንግግር አገኙ።

የተቀበረውን የማውጣቱን ሥራ የጀመሩት ያለ ክፍያ የሚሠሩ አድናቂዎች ናቸው። የመጀመሪያው ቡድን ለዓመታት ደክሞ ሳይፈጽም ተበተነ፤ ሌላ ቡድን ተነሥቶ «የተመለሰ ይዘት ሞድ» ተብሎ የሚታወቀውን አደረሰ። የዚህ ቡድን ውሳኔ ለዚህ ጽሑፍ ከሁሉ ይበልጥ ጠቃሚ ነው። በፋይሎቹ ውስጥ በቂ ቅሪት የተገኘለትን፣ ለምሳሌ የሮቦቶቹን ፋብሪካ፣ በዋናው ሞድ ውስጥ አስገቡት። ከጌሙ ቀደም ብሎ ተቆርጦ ቅሪቱ የሳሳውን ኤም4-78 የተባለ ፕላኔት ግን፣ ብዙ አዲስ ፈጠራ ስለሚጠይቅ፣ የተለየ ሞድ አደረጉት። የፈለገ ይጭነዋል፤ ያልፈለገ ይተወዋል። በዚህም የተመለሰውን ከተፈጠረው ለዩ። አንድ ትልቅ አሳታሚ ሊያደርገው የሚገባውን ደመወዝ የሌላቸው ሰዎች ማድረጋቸው ልብ ሊባል ይገባል።

አሳታሚው በተራው ምን አደረገ? አስፓየር የተባለው ኩባንያ በ2015 የኮምፒውተሩን እትም ሲያድስ ሞዱ በስቲም በኩል በቀላሉ እንዲጫን መንገድ ከፈተ። ይህ የሚመሰገን ነበር። በጁን 2022 ጌሙን ለኒንቴንዶ ስዊች ሲያወጣ ደግሞ የተመለሰው ይዘት በነፃ እንደሚከተል በማስታወቂያው ቃል ገባ። ጌሙ በወጣበት መልኩ በአንድ ስሕተት ምክንያት እስከ መጨረሻው ሊጫወቱት የማይቻል ሆኖ ተገኘ፤ ስሕተቱ ኋላ ታረመ። ቃል የተገባው ይዘት ግን በጁን 2023 መሰረዙ ተነገረ፤ ለገዢዎችም በምትኩ ከኩባንያው ሌሎች ጌሞች አንዱን በነፃ የሚያስገኝ ኮድ ቀረበላቸው። ጉዳዩ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ክስ እስከ መመሥረት ደረሰ። ከዚህ የሚወሰደው ነጥብ ገና ያልተሠራ ይዘት የሽያጭ ምክንያት ሊሆን አይገባም የሚል ነው። ዳግም የሚታተም ሥራ በሚታተምበት ቀን ሙሉ ካልሆነ፣ አሳታሚው ያደረገው የመጀመሪያውን ጉድለት በአዲስ ዋጋ መሸጥ ብቻ ነው።

የጎደለን ጽሑፍ የማሟላት ጥያቄ ለዚህ አካባቢ አዲስ አይደለም። ከከሚሴ ብዙም ሳትርቅ፣ በዳዋ ጨፋ ወረዳ ተራራ ላይ የምትገኘው የአርጎባዎቹ መንደር ሾንኬ፣ እንደ ሼህ ጀውሀር ሐይደር ባሉ ዓሊሞቿ የታወቀች የእስልምና ትምህርት ስፍራ ናት። የወሎ መድረሳዎች የኖሩበት የአረብኛ የእጅ ጽሑፍ ወግ ለተዘለለ ቃል የራሱ ሥርዓት አለው። ገልባጭ የዘለለውን ቃል በማመሳከር ሲያገኝ ዋናውን መስመር ፍቆ አይጽፍም፤ በመስመሩ ላይ ምልክት አድርጎ ቃሉን በኅዳጉ ያኖራል፣ ከጎኑም «ትክክል ነው» የሚል ትርጉም ያለውን «ሰሐ» ይጽፋል። የሌላ ሊቅ ማብራሪያም በዚያው ኅዳግ ሊጻፍ ይችላል፤ «ሰሐ» የሌለበት በመሆኑ ግን አንባቢ ከዋናው ጽሑፍ ጋር አያምታታውም። በግእዝ ብራናዎችም የተዘለለ መስመር በገጹ ራስ ወይም ግርጌ ተጽፎ ቦታው በምልክት ይጠቆማል። የጌም አድናቂዎቹ ፋብሪካውንና ፕላኔቱን ሲለያዩ ያደረጉት፣ ሳያውቁት፣ ይህንኑ ነው።

ሙሉ ሥራ ሳይጠናቀቅ ሲቀር ምን እንደሚደረግም ከአገር ውስጥ ምሳሌ አለ። «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» የተባለውን የግእዝ መዝገበ ቃላት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፤ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን ሲሠሩበት ኖረው በ1936 ዓ.ም. ሳያሳትሙት ዐረፉ፤ የእርሳቸው ደቀ መዝሙር ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። መጽሐፉ እስከ ዛሬ የሚታወቀው በኪዳነ ወልድ ስም ነው። ደስታ ተክለ ወልድ የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ለብቻው፣ በራሳቸው ስም፣ በ1962 ዓ.ም. አሳተሙ። መዝገበ ቃላትና ጌም እጅግ የተራራቁ ሥራዎች መሆናቸው አይካድም፤ ይሁንና የፈጻሚው ድርሻ ከጀማሪው ድርሻ ተለይቶ መታወቁ በሁለቱም ዘንድ ያው ፍትሕ ነው።

መመለስን የሚቃወሙ ሰዎች ክርክር ቀላል አይደለም። መቁረጥም ከድርሰት ሙያዎች አንዱ ነው፤ ከላይ በተጠቀሰው ጌም እንኳ የተመለሰው ፋብሪካ ታሪኩ ወደ ፍጻሜው መፍጠን በሚገባው ሰዓት በውጊያ ያዘገየዋል፤ የቆረጠውን ሰው የሚያስመሰግን ክፍል ነው ለማለትም ይቻላል። ከዚህ የከበደው ደግሞ ሥነ ምግባርን የሚመለከተው ነው። «ግራንድ ቴፍት አውቶ፦ ሳን አንድሬያስ» በ2004 ሲወጣ ሠሪዎቹ አንድ የወሲብ ትዕይንት ዘግተው በዲስኩ ውስጥ ትተውት ነበር። በ2005 አንድ ሞድ ከፈተው፤ የአሜሪካው የጌም ደረጃ ሰጪ አካልም የጌሙን ደረጃ ለአዋቂዎች ብቻ ወደሚለው ቀየረ። ከሚሴን በመሰለ፣ ልጆችና ታላላቆቻቸው በአንድ ጌም ቤት በሚቀመጡበት፣ ሃይማኖት የዕለት ኑሮን በሚመራበት ከተማ፣ ይህ የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ አይደለም። ሙሉ እትም የሚል ቃል የተጻፈበት ሽፋን ምን እንደተጨመረ ካልነገረ፣ የጌም ቤቱ ባለቤት ለማን ምን እንደሚከፍት ሊያውቅ አይችልም።

የዚያው ተከታታይ ሌላ ታሪክ ተቃዋሚዎቹ የሚፈሩትን ያሳያል። በ2021 የሦስት ቀደምት ጌሞች የታደሰ እትም ሊወጣ ሲል አሳታሚው ቀድሞዎቹን እትሞች ከዲጂታል ሽያጭ አነሣ። አዲሱ በስሕተት ተሞልቶ ወጣ፤ የኮምፒውተሩ እትምም ሳይታሰብ የተካተቱ ፋይሎች ተገኝተውበት ለጥቂት ቀናት ከገበያ ተነሣ። ከብዙ ቅሬታ በኋላ አሳታሚው ይቅርታ ጠይቆ ቀድሞዎቹን የኮምፒውተር እትሞች እንደሚመልስ አስታወቀ። ስሕተቱ የታደሰ እትም ማዘጋጀቱ አልነበረም፤ የቀድሞውን በአዲሱ መተካቱ ነበር። ለተመራማሪም ቢሆን የመጀመሪያው እትም ከነጉድለቱ ሰነድ ነው፤ ጌሙ በምን ችኮላና በምን ገበያ እንደተሠራ የሚናገረው ጉድለቱ ነውና።

የአገራችን ሕግ ለዚህ መነሻ ይሰጣል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች ይቆጥራል፤ ለሥራ አመንጪውም ከገንዘብ መብቱ ሌላ የሞራል መብት ይሰጠዋል። የሞራል መብት ሥራው በስሙ እንዲታወቅና ክብሩን በሚጎዳ መልኩ እንዳይለወጥ የመጠየቅ መብት ነው። ጌም የብዙ እጅ ሥራ ስለሆነ የአንዱን ደራሲ ፈቃድ ማግኘት በቂ አይሆንም፤ ድምፁን የሰጠው፣ ሥዕሉን የሣለው፣ በሞድ አማካይነት ፋይሉን ከተቀበረበት ያወጣውም ድርሻ አለው። በተለይ የአድናቂዎቹን ድካም አሳታሚ ያለ ስምና ያለ ክፍያ ወስዶ ቢሸጠው፣ የተመለሰው ይዘት በሌላ ጉድለት ላይ ይቆማል።

ስለዚህ ዳግም ማሳተም ተገቢ ነው ሲባል፣ የቀድሞው እትም ሳይጠፋ፣ የተመለሰውና አዲስ የተፈጠረው ተለይቶ በጌሙ ውስጥ ተመዝግቦ፣ ተጫዋቹም ከመክፈቻው ገጽ የፈለገውን መርጦ የሚገባበት ሆኖ ነው። እንደ ከሚሴ ላለ ስፍራ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም ነገር አለ፤ እትሙ ሙሉ ፋይል ሆኖ፣ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት ሳይጠይቅ መሥራት አለበት። ቋንቋም እዚህ ላይ ይገባል። በዞኑ ሕፃናት በአፋን ኦሮሞ ይማራሉ፣ በገበያና በመንገድ አማርኛም ይነገራል፤ አሳታሚ አንድን ጌም እንደገና ሲከፍት ጽሑፉን ከፕሮግራሙ ለይቶ፣ ለትርጉም ክፍት አድርጎ ቢያስቀምጠው ወጪው አነስተኛ ነው። ከብዙ ሰዓት የእንግሊዝኛ ንግግር ጋር የሚመለስ ይዘት፣ ንግግሩን ለማይከተል ተጫዋች ገና አልተመለሰም።

«ናይትስ ኦፍ ዘ ኦልድ ሪፐብሊክ 2» በዲሴምበር 2020 ለስልክ ወጥቷል። በኢትዮጵያ አብዛኛው ወጣት ያለው መሣሪያ ስልክ በመሆኑ፣ ይህ ጌም ወደ ከሚሴ ከደረሰ የሚደርሰው በዚህ መልኩ ነው። በስልኩ እትም ውስጥ የተመለሰው ይዘት አልተካተተም፤ ሮቦቶቹ ከየት እንደሚመጡ አሁንም አይታወቅም።